ምድር ቤት ውስጥ ሳተላይት የሚይዝ ሰዓት ሸጡልኝ

ንዴቴ ገና አልበረደም። 32,000 ብር ተበላሁ። ብሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ ዝም እል ነበር። የሦስት ጓደኛሞች መዋጮ ነው።

በ2017 ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናጥ፣ አዲስ አበባ ድረስ አልጋችን ሲወዛወዝ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ የመሬት ንዝረት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ገጣጥመን አዳማ፣ መተሐራና አዋሽ ያስቀመጥነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሰዓት ካልቆጠሩ መረጃው ገለባ ነው። ንዝረቱ ከየት እንደተነሳ የምናሰላው በየቦታው ከደረሰበት ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣላ! ስለዚህ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ሳተላይት የሚቀበል ሳጥን ያስፈልጋል። ደህናው ቢስት ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ በታች ነው። ሁለቱን ከውጭ አስመጣን። ለሦስተኛው እኔ ጀግናው "መርካቶ አይጠፋም" አልኩ።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። "ኢንጂነር" እያለ ወንበር የሚስብላችሁ፣ ሻይ የሚያዝላችሁ፣ ዋጋ ስትጠይቁት "ለአንተ ስለሆነ ነው" የሚለው። ሱቁ ምድር ቤት ነው። ከላይ አራት ፎቅ ኮንክሪት ተጭኖታል። ሳጥኑን ሶኬት ላይ ሰካው። አንቴናውን መደርደሪያው ላይ፣ ቻርጀሮቹ መሃል ወርወር አደረገው። አምስት ሰከንድ ሳይሞላ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረች። በየሰከንዱ። "ይኸው፣ ሳተላይት ያዘ! ኦርጅናል ነው" አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ነቀነቅኩ! ስልኬ እዚያ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረውም። ብሩን በቴሌብር ለመላክ ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከጎረቤት ያለ የስልክ ማማ ያልደረሰበት ጉድጓድ፣ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ሳተላይት እንዴት ገባ አላልኩም። ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ እኮ። እንደኔ ያለ ፋራ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ ንዝረት ተመዘገበ። አዋሽና አዳማ በወጉ ተከታትለው ያዙት። መሃል ላይ ያለው መተሐራ ግን ከሁለቱም ግማሽ ደቂቃ ቀድሞ "ሰማሁ" አለ። መሬቱ ገና ሳይንቀጠቀጥ! ነቢይ ነው የሸጡልኝ።

ከፈትኩት። የአንቴናው ገመድ ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ በማስቲሽ ተለጥፏል። ውስጡ ያለው የግድግዳ ሰዓት ዓይነት ክሪስታልና አንዲት ክብ ባትሪ ናት። ሰዓቱን በእጃቸው ነው የሞሉት። በመተሐራ ሙቀት በቀን ወደ 2 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። በስሌት እናስተካክለው ብለን ነበር፤ ቀን በፀሐዩ ሌላ፣ ሌሊት ሌላ እየሆነ አስቸገረን። የሦስት ሳምንት መረጃ ገደል ገባ።

ትናንት ይዤው ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። "ሰዓቱ ልክ አይደለም" ስለው፣ "በእኛ ነው በፈረንጆቹ?" አለ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ልጆች ተንከተከቱ። ከዚያ የተቀደደውን ስቲከር በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "ከፍተኸዋል ወንድሜ፣ አይመለስም።" ኢንጂነርነቴ ያኔ ቀረ።

እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዙ ካላችሁ፣ ደጅ አውጥታችሁ ሞክሩት። አንቴናውን ንቀሉና መብራቷ ምን እንደምትሆን እዩ።

የእኔው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። አንቴናውን በመቀስ ቆርጬ ጥያለሁ። አሁንም በየሰከንዱ ብልጭ ይላል።