ለጓሮ ሼድ «የዊንተር ፓኬጅ» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም የሚኒሶታ ሀበሾች። በተለይ ጓሯችሁ ውስጥ ተገጣጣሚ ሼድ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ስሙኝ። እኔ 1,650 ዶላር ከስሬያለሁ፣ እናንተ እንዳትከስሩ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ኦክቶበር አንድ ልጅ በሬን አንኳኳ። «በሰፈሩ እየዞርን ሼዶችን ለዊንተር እያዘጋጀን ነው» አለኝ። እኔ 10 በ12 ጫማ የሆነች የእንጨት ሼድ አለችኝ። ምጣዴን እዚያ ያስገባሁት ቤት ውስጥ ስጋግር የጭስ ማንቂያው እየጮኸ ልጆቹን ስለሚቀሰቅስብኝ ነው። ግን ብርዱ ሲመጣ እጄ እየደነዘዘ ሊጥ መቅዳት መሮኝ ስለነበር፣ ልጁ እግዜር የላከው ነው የመሰለኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ፈረምኩ፣ ቼክ ጻፍኩለት። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው በግማሽ ቀን ጨርሰው ሄዱ።

የሠሩት ይሄ ነው። ግድግዳውንና ጣሪያውን ከውስጥ በብርማ ፎይል ሸፈኑት፤ ዕቃ እንዳይሰበር የሚጠቀለልበት ባለ አየር ፕላስቲክ አለ አይደል፣ እሱ ነው ፎይል ተለብጦበት። እንጨቱ ላይ ልጥፍ አድርገው በስቴፕል መቱት። ከጣሪያው ሥር የነበሩትን ሁለት ቬንቶች፣ ማለትም የአየር መውጫዎች፣ «ሙቀት እንዳይወጣ» ብለው በቴፕ ደፈኗቸው። ውሉ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ «አር 21» ተብሎ ተጽፏል።

ጃንዋሪ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱን ለኩሼ ሦስተኛውን እንጀራ ሳወጣ ከላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ውሃው አክንባሎው ላይ እያረፈ ቸስ ይላል። ቀና ስል የፎይሉ መጋጠሚያ ላይ በረዶ ጋግሯል፣ ሙቀቱ ሲያገኘው እየቀለጠ ነው። ጥጉን በጣቴ ላጥ ሳደርገው ከኋላው ያለው እንጨት ጠቁሯል። ግድግዳው ጋ ያስደገፍኩት 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ጀርባው ረጥቦ ሻግቷል። ሙሉውን ጣልኩት፣ አንጀቴ እያረረ።

በኋላ ኮንስትራክሽን የሚሠራ ዘመዳችን መጥቶ አየውና አስረዳኝ። «አር» የሚሉት ቁጥር ኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሚገባው የብርድ መከላከያ፣ ሙቀት እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙ ነው። «2 በ4» በሚባለው እንጨት የቆመ ግድግዳ ውስጡ ያለው ክፍተት 3 ኢንች ተኩል ነው፣ እዚያ ሞልቶ የሚገባው ፋይበርግላስ እንኳ አር 13 ወይም 15 ነው። ጥሩ የሚባለው ፎም ቦርድ በአንድ ኢንች 5 ወይም 6 ይሰጣል። ያ ስስ ፎይል ግን የራሱ አቅም 1 ገደማ ነው። ከዚያ የተሻለ የሚሠራው ከጎኑ ዝግ የአየር ክፍተት ሲተውለት ነው፣ እንጨት ላይ ከተለጠፈ ያ የለም። ስለዚህ ጣት የማታህል ስስ ነገር ይዞ «አር 21» የሚላችሁ ሰው እየዋሻችሁ ነው፣ በቃ።

ቬንቱን መድፈናቸው ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። የእንጀራ እንፋሎት መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል። መሆን የነበረበት እንፋሎቱን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚስብ ፋን፣ ክፍት ቬንት፣ እውነተኛ ኢንሱሌሽን፣ ከዚያ እርጥበት የማያሳልፍ ፕላስቲክ በሞቃቱ ማለትም በውስጥ በኩል ነበር።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ልጨምር። «ስጦታ» ብለው ትንሽ የፕሮፔን ሂተር ትተውልኝ ነበር። ቬንቱ በተደፈነ ክፍል ውስጥ! ሁለት ቀን ተጠቀምኩበት፣ ሁለቱንም ቀን ራሴን አመመኝ። ፕሮፔን ሲነድ እርጥበት ይጨምራል፣ አየር ሲያንሰው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይሄ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። እንዲህ ያለ ሂተር ከሰጧችሁ አትለኩሱት። የኤሌክትሪክ ሂተርም ቢሆን በኤክስቴንሽን ገመድ አይሰካ፣ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይም አይሁን። ባለ 15 አምፕ መስመር ቢበዛ የሚችለው 1,800 ዋት ነው፣ ሂተሩ ብቻውን ብዙ ጊዜ 1,500 ይወስዳል።

ስደውልላቸው «ሥራው ተጀምሮ ነበር፣ አይመለስም» አሉኝ። እኔ የማላውቀው ሕግ ነበር። ሻጭ ሳትጠሩት ቤታችሁ መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ከሸጠላችሁ፣ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። የመሰረዣ ቅጹንም እሱ ራሱ በሁለት ኮፒ ሊሰጣችሁ ይገባል። ለእኔ ማንም አልሰጠኝም፣ በማግስቱ የተሯሯጡትም ለዚህ ይመስለኛል። ያው ኮሚሽን የቤት ኢንሱሌሽን የሚገጥሙ ሰዎች ከመፈረማችሁ በፊት የአር ቁጥሩ ያለበትን የፋብሪካ ወረቀት እንዲያሳዩ ያዛል። ያንን ወረቀት ጠይቁ። የለኝም ካለ በሩን አሳዩት። ስትከፍሉም በክሬዲት ካርድ ይሁን፣ በቼክ የሄደ ገንዘብ አንዴ ከተመነዘረ መመለሱ ከባድ ነው።

እኔ ለሚኒሶታ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ አስገብቻለሁ። የውሉን ፎቶና የጠቆረውን እንጨት ፎቶ አያይዣለሁ። እናንተም ሼዳችሁ ውስጥ ያ ፎይል ካለ ዛሬውኑ አንዱን ጥግ ላጥ አድርጋችሁ ከኋላው እዩ። ቬንቱ ላይ ቴፕ ካለ አንሱት። ውላችሁ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ «አር 21» ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አቤቱታውን አብረን እናስገባ።