በሐዋሳ የጥቅል አድራሽ አገልግሎት፦ ስለ አድራሾቹ ክፍያ ጭምር

ከአዲስ አበባ የሚላኩልኝን ሰነዶችና መጻሕፍት ሐዋሳ ድረስ የሚያመጣልኝ ድርጅት በሥራው የሚመሰገን ነው። ማታ የተላከ ጥቅል በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እጄ ይገባል፤ ማሸጊያው ሳይቀደድ ይደርሳል፤ ደረሰኙም ክብደቱንና የተከፈለውን ሒሳብ በግልጽ ያሳያል። ዋጋውም አያስከፋም። ስሙን የማልጠቅሰው ግን ጥቅሉን ቤታችን ድረስ ለሚያመጡት አድራሾች የሚከፍልበትን መንገድ ስለምቃወም ነው።

በከተማችን በቤት ቁጥር ብቻ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ወጣት በኪሱ በሚይዛት ትንሽ ደብተር ላይ ከየስሙ አጠገብ ምልክት ይጽፋል፤ በእኔ ስም አጠገብ «አቶቴ፣ ከወፍጮ ቤቱ አልፎ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። ተቀባዩ ስልክ ካላነሳ ደጋግሞ ይደውላል፤ ካጣውም በማግስቱ ይመለሳል። የሚደውልበት ካርድም ሆነ ለሞተሩ የሚቀዳው ቤንዚን ከራሱ ኪስ የሚወጣ ሲሆን፣ ድርጅቱ ክፍያ (ኮሚሽን) የሚያስብለት ተቀባይ ለፈረመበት ጥቅል ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አድራሽ በዚሁ ምክንያት ሥራውን ሲለቅ ደብተሩም አብሮት ሄደ፤ ተተኪው ሰፈሩን እስኪለምድ ድረስም ጥቅሎቻችን ሲዘገዩ ሰነበቱ።

እንዲህ ያለው አከፋፈል የቆየ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ዊልያም ሃንተር በሰሜን አሜሪካ የነበሩትን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ፖስታ በጋራ እንዲመሩ ሲሾሙ፣ ለሁለቱ በዓመት 600 ፓውንድ ተቆረጠላቸው፤ ይህም የሚከፈላቸው ከፖስታው ትርፍ ከተገኘ ብቻ ነበር። አገልግሎቱን ለማሻሻል ብዙ ወጪ ስላስፈለገ በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ከ900 ፓውንድ በላይ የእነርሱ ባለዕዳ ሆነ። ኋላ ዕዳው ተመልሶ ፖስታው ለመንግሥት ጭምር ገቢ ማስገባት ጀመረ። ፍራንክሊን በማተሚያ ሥራው ሀብት ያፈራ ሰው ስለነበር መታገሥ ይችል ነበር፤ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የሞተር አድራሽ ግን እንኳን 4 ዓመት አንድ ወርም የድርጅቱን ወጪ መሸከም አይችልም።

ስለዚህ የነዳጅና የስልክ አበል ከኮሚሽኑ ተለይቶ በየወሩ እንዲከፈል፣ ተቀባይ ያልተገኘበት ምልልስም እንዲታሰብ ድርጅቱን እጠይቃለሁ። በየጥቅሉ ላይ ጥቂት ብር ቢጨመር በበኩሌ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ፤ ጭማሪው ግን ለማን እንደዋለ እንድናውቅ በደረሰኙ ላይ «የአድራሽ አበል» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። በአገልግሎቱ መጠቀም የምትፈልጉ ሁሉ ጥቅል በምትጠብቁበት ቀን ስልካችሁን ክፍት አድርጉ፤ ከቤት የምትወጡ ከሆነም የሚረከብላችሁን ሰው ስም አስቀድማችሁ ለአድራሹ ንገሩት።