ሙዝስኮር 4፦ ጅማ ቁጭ ብሎ ለኦርኬስትራ ለሚያቀናብር

ሙዝስኮር ኮምፒውተር ላይ ኖታ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ዋጋው፦ ነጻ ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ኖታ የሚወርድበት ድረ ገጽ ክፈሉ ስለሚል ነው፣ እሱ ሌላ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ግን ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም። የስልኩ አፕ ለማየትና ለመስማት እንጂ ለመጻፍ አይሆንም፣ ላፕቶፕ የግድ ነው።

እኛ ጅማ ያለን ሙሉ ኦርኬስትራ አይደለም፣ ፍሉት፣ ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስ፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሁለት ቫዮሊን፣ በቃ። ለዚህች ለምታህል ቡድን እንኳ ትራንስፖዙ፣ ማለት ኖታውን ለየመሳሪያው ቀይሮ መጻፉ፣ ያሰለቻል እኮ። ከዶ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ለቢ ፍላት ክላርኔትና ትራምፔት ከሬ፣ ለአልቶ ሳክስ ከላ ተጽፎ ነው የሚሰጠው፣ በእጁ የጻፈ ያውቀዋል ወገብ ይቆርጣል። እዚህ ኮንሰርት ፒች የምትለዋን አብርታችሁ ሁሉንም በሚሰማው ድምፅ ትጽፋላችሁ፣ ስታጠፏት ለየመሳሪያው ራሱ ቀይሮ ያስቀምጠዋል፣ የየሰዉን ፓርትም ለብቻ አውጥቶ በፒዲኤፍ ይሰጣችኋል፣ ከዛ ወደ ፎቶኮፒ ቤት።

ሬንጅም፣ ማለት መሳሪያው የሚደርስበትን የድምፅ ወሰን፣ ይጠብቃል። ለቫዮሊን ከታችኛዋ ሶል በታች ብትጽፉ ኖታዋ ቀይ ትሆናለች፣ ፕሮፌሽናል የሚደርስበት ግን ለጀማሪ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነገር ያደርጋታል። እኛ ጋ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ጀማሪ ስለሆኑ ቢጫዋን እንደ ቀይ ነው የማያት።

ግን ፕሌይባኩን፣ ማለት ፕሮግራሙ የጻፋችሁትን ተጫውቶ ሲያሰማችሁ፣ አትመኑት! በ2022 መጨረሻ ከቨርዥን 4 ጋር የመጡት ሙዝ ሳውንድስ የሚባሉት ድምፆች በጣም ያምራሉ፣ ችግሩም ማማራቸው ነው። የፍሉት የታችኛው ኦክታቭ በተፈጥሮው ትንፋሽ የበዛበትና ደካማ ነው፣ የየመሳሪያው ድምፅ ከፍ ዝቅ በሚደረግበት ሚክሰር ላይ ከፍ አድርጋችሁት ከብራሶቹ ከትራምፔትና ትሮምቦን በላይ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ሚክሰር የለም፣ እንኳን ብራስ ተጨምሮበት የጅማ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ብቻውንም አይሰማ። ዜማው ታች ከሆነ ለክላርኔት ስጡት፣ እዛ ታች ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ካልሆነም ብራሱን ዝም አሰኙና ፍሉቱን አንድ ኦክታቭ አውጡት።

ትሮምቦንም እንዲሁ፣ ከታችኛዋ ቢ ፍላት ወደ ቢ ናቹራል ግማሽ ድምፅ ናት፣ ለኮምፒውተሩ ምንም አይደለችም፣ ሰውየው ግን ስላይዱን ከአንደኛ ፖዚሽን እስከ ሰባተኛ መዘርጋት አለበት፣ ፈጣን ቺክቺካ ላይ ይሄን ደጋግሞ መጻፍ ግፍ ነው። ፕሮግራሙ ቀይ አያደርገውም ሁለቱም ሬንጅ ውስጥ ናቸዋ። ትንፋሽም አያውቅም፣ ለትራምፔት ሰላሳ ባር ያለ እረፍት ብትጽፉለት ሳይደክመው ይነፋዋል፣ የሰው ከንፈር ግን ሥጋ ነው።

ስለዚህ ፓርቱን ከማተማችሁ በፊት ነፊውን ራሱን ጠይቁት፣ ይሄ ይወጣል ወይ በሉት።

የሙዝ ሳውንድስ ድምፆች በጊጋ የሚቆጠሩ ስለሆኑ ኔት ፈጠን የሚልበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱ፣ ስትሪንግ፣ ዉድዊንድ፣ ብራስ እየተባለ ለየብቻ ስለሚወርድ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ምረጡ። ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነም ችግር የለም ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው ቀላል ድምፅ ጻፉ፣ እንደውም እሱ ስለማያምር አያታልላችሁም።