ምስጋና፦ እናቴን ያለ ኦፕራሲዮን ከሥቃይዋ ላሳረፈቻት ሲስተር

ይህን የምጽፈው እናቴን አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊው፤ ስንቷ ታፍና ተቀምጣለች» አለችኝ። ሲስተሯም ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች።

እናቴ ማህፀኗ መውጣት የጀመረው የመጨረሻ ወንድሜን ከወለደች በኋላ ነው። ሰባተኛዋ ነበር፣ ምጡም ሁለት ቀን ፈጅቷል። ገና ወገቧ ሳይጠና ጀሪካን አዝላ ወንዝ ወረደች። ወንድሜ ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም አልተነፈሰችም። ቅዳሴ ላይ ሽንት እንዳያመልጣት ፈርታ ከቅጥር ውጭ ቆማ ታስቀድስ ነበር፣ እኛ ደግሞ እግሯን አሟት ነው እንል ነበር። እኔ ያወቅሁት አምና ጤፍ አረም ላይ ነው። ሁላችን ቁጢጥ ብለን ስናርም እሷ ተንበርክካ ታርማለች፣ ትንሽ ቆይታ መቀነቷን ታጠብቃለች። ማታ ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኋት። «ከላይ ስሸከም ከታች ይወጣል» ብላ አለቀሰች።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ስሙ ይቅር። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «ዕድሜ ነው፣ ከኦፕራሲዮን ሌላ የለውም» ብሎ ሸኘን። እናቴ ደግሞ ደም ግፊት አለባት፣ ምላጭ ስትሰማም ትንቀጠቀጣለች። ሰፈር ውስጥ «ያው ፌስቱላ ነው፣ ባሕር ዳር ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ውሰጃት» ያለኝም አለ። ፌስቱላ ሌላ ነው፤ ምጥ ሲረዝም የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፣ ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ ያንጠባጥባል። የእናቴ ግን ማህፀንን ደግፈው የያዙት ጡንቻና ጅማቶች መላላት ነው።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሙ አይቷት፣ ሽንቷን አስመርምሮ፣ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል አለን። ኦፕራሲዮኑ በኋላም ይደረስበታል፣ መጀመሪያ ፔሳሪ፣ ከውስጥ ገብቶ ማህፀንን ደግፎ የሚይዝ ዕቃ፣ እንሞክር ብሎ ወደ ሲስተሯ መራን።

ሲስተሯ ወሬ አላበዛችም። ከመሳቢያዋ አንድ ክብ ነገር አውጥታ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። የእጅ አምባር የሚያክል፣ ለስላሳ ሲሊኮን። «እስቲ እጥፍ ያድርጉት» አለቻት። እናቴ ስታጥፈው ታጠፈ፣ ስትለቀው ዘሎ ክብ ሆነ። «በዚህ ዕድሜዬ ቀለበት ልታስሪልኝ ነው ልጄ?» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ቀለበት ነው።

በጣቷ ለክታ፣ ቁጥር መርጣ አስገባችላት። እኔ አለቀ ብዬ ነጠላዬን ማጣፋት ስጀምር፣ ለሷ ገና መጀመሩ ነው። «ይሳሉልኝ» አለቻት። ቁጢጥ ብድግ አሰኘቻት። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ አመላለሰቻት። ውኃ አጠጥታ እስክትሸና ጠበቀች፤ «ሳይሸኑ አልሰድም» አለችኝ። ቀለበቱ ከሰፋ ሽንት ይዘጋል፣ ከጠበበ ይወድቃል።

ወደቀም። በአራተኛው ቀን ጓሮ ስታምጥ፣ ሆድ ድርቀት ነበረባትና፣ ዱብ። አጥባ በፌስታል ጠቅልላ፣ የሰው ዕቃ እንደሰበረ ሰው አንገቷን ደፍታ ይዛ መጣች። ሲስተሯ «ቁጥሩ የእርስዎ አልነበረም እንጂ እርስዎ ምን አጠፉ!» ብላ ተለቅ ያለውን አስገባችላት። ለድርቀቱ ጠዋት ጠዋት የተልባ ውኃ፣ ሳል እንዳይገፋው ደግሞ ጭስ ያለበት ማድ ቤት ብዙ እንዳትቆይ መከረቻት። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጨብጦ መልቀቅም አስተማረቻት። «አስር ይቁጠሩ» ስትባል እናቴ አስር እግዚኦ ትላለች፣ ያው ቁጥር ነው።

አሁን በየሦስት ወሩ ትታያለች። ሲስተሯ ታወጣዋለች፣ በውኃና በሳሙና ታጥበዋለች፣ ውስጡን ቁስል እንዳይኖር ታያለች። ብልቷ ውስጡ እንዳይደርቅ ደግሞ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ቅባት ታዝዞላት ነበር፣ እሱን ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ ነው ያገኘሁት። እናቴ በራሷ ጣት ጠርዙን ስባ ማውጣትም ለምዳለች። መጀመሪያ «ነውር ነው» ብላ እምቢ ብላ ነበር። ሲስተሯ በጥድፊያ ሳይሆን በሦስት ቀጠሮ ቀስ ብላ አስለመደቻት።

ላለመዋሸት፣ ፈሳሽ በፊት ከነበረው ጨምሯል። ጀሪካንም ቀርቷል፣ ወንድሜ ይሸከም። ቀለበቱ ደግፎ ይይዛል እንጂ አያድንም፤ ሲወጣ ማህፀኑም ይከተላል። አስገብቶ መርሳት ደግሞ አደገኛ ነው፣ ሥጋ እየበላ ይገባል። ደም፣ መጥፎ ሽታ፣ ሕመም ወይም ሽንት መዝጋት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው። ሲስተሯ ይህን እናቴን በቃሏ አስደግማታለች።

ለነፍስ አባቷም ነገረቻቸው። «መድኃኒት አይደል እንዴ፣ ግቢ» አሏት። በኅዳር ሚካኤል ከቅጥር ውስጥ ገብታ አስቀደሰች።

ባለፈው ቀጠሮ ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዛ መጣች። ሲስተሯ አልቀበልም አለች። እናቴ ተከፍታ ትመለሳለች ስል፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች እየቆረሰች ስታድል አየኋት። «እኔ እኮ ቀለበት አለኝ» ትላቸዋለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። አንዲት እናት ቁራሹን እንደያዘች «የምን ቀለበት?» ብላ ተጠጋቻት።

በእናንተ ወይም በእናታችሁ ይህ ነገር ካለ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ተመላላሽ ክፍል ገብታችሁ «ቀለበት የምታስገባዋ ሲስተር» በሉ። በዚሁ ነው የሚያውቋት። ወረፋ አለና በጠዋት ድረሱ።