የጉባኤው ሂሳብ በማኅበሩ ይወራረድ ወይስ በዩኒቨርሲቲው?

የሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ሲያልቅ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ገንዘብ ያዡ ግን ከደረሰኝ ክምር ጋር ይቀራል። ሂሳቡን በሁለት መንገድ ስናወራርድ አይቻለሁ።

አንደኛው ሁሉንም በአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ በኩል ማሳለፍ ነው። አዳራሽ፣ መኪና፣ የእንግዳ ማረፊያ በቀላሉ ይገኛል። ግዥውም ሥርዓት አለው፤ ከተለያዩ ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ይሰበሰባል። ችግሩ የበጀት ዓመቱ ነው። ሰኔ 30 ይዘጋል። ጉባኤው ሰኔ ላይ ከዋለ ጭንቅ ነው፤ ያልተወራረደው ቅድሚያ ክፍያ በፈረመው መምህር ስም ዕዳ ሆኖ ይቆያል። አንድ ባልደረባዬ የሻይ ቡና ደረሰኝ ጠፍቶበት ወራት ተመላልሷል። በጣም አዝኜለታለሁ፤ ያገለገለው እኮ በነፃ ነው። የተሳታፊዎች የመመዝገቢያ ክፍያም አንዴ ወደ ዩኒቨርሲቲው ካዝና ከገባ፣ ለማስወጣት ደብዳቤ በደብዳቤ መሆን ነው።

ሁለተኛው በማኅበሩ በራሱ የባንክ ሂሳብ መሥራት ነው። ምዝገባውም የስፖንሰሩ ብርም እዚያ ይገባል፣ ወጪውም ከዚያው በጣምራ ፊርማ ይወጣል። በባንክ የተላለፈ ክፍያ ማስረጃው አይጠፋም። ኃላፊነቱ ግን ከባድ ነው፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ማኅበር ዓመታዊ የሂሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዩኒቨርሲቲው አዳራሹንና ማረፊያውን ይስጥ፣ ብሩ በማኅበሩ በኩል ይሂድ። ለገንዘብ ያዡም ረዳት ይመደብለት። ደረሰኙ ደግሞ በየማታው ይሰብሰብ፣ ሰው ሳይበተን።