ቸርችል ጎዳና ላይ ያየሁት አሮጌ ጠመንጃ፦ የባሩድ ቀንዱን ግዙ፣ ጠመንጃውን ግን ለኩ

ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስትወርዱ ቸርችል ጎዳና ላይ የባህልና የአንቲክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። መስቀል፣ ጋሻ፣ ብራና፣ የማርያ ቴሬዛ ብር ምናምን። የአሮጌ ጠመንጃ ፍቅር ያለብን ሰዎች ግን ዓይናችን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ሰሞኑን ከነዚህ ሱቆች አንዱ ገብቼ በጣም ደስ አለኝ፣ ትንሽም ተናደድኩ። ስሙን አልጽፍም፤ ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ያየሁት ችግርም እሳቸው ጋ ብቻ ያለ አይመስለኝም።

ጥሩውን ላስቀድም። ውጅግራና ምንሽር አዲስ ነገር አይደሉም፣ ሁለቱም ከኋላ ነው የሚጎርሱት። እዚህ ያለው ግን በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው፤ ባሩዱም አረሩም ከፊት ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ። ሰደፉ ላይ የነሐስ ጌጥ አለው፣ ዘንጉ ከበርሜሉ ሥር በቦታው ተሰክቷል፣ መምቻውም ሲሳብ ይይዛል። ደግሞ «አውርደህ እየው» ይሏችኋል። ሙዚየም ቢሆን ከመስታወት ወዲህ ቆማችሁ ነው የምታዩት። ቡናም አዘዙልኝ።

ሻጩ ልጅ ግን ወሬው በዛብኝ። «ብራዘር፣ ይሄ መቅደላ የዋለ የቴዎድሮስ ነው!» አለኝ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አብዛኛው የቴዎድሮስ ነፍጠኛ በአፈሙዝ የሚጎርስ መያዙ እውነት ነው። ጎበዝ ተኳሽ እንዲህ ያለውን በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ቢተኩስበት ነው። እንግሊዞቹ ይዘውት የመጡት ስናይደር ከኋላ ስለሚጎርስ በደቂቃ እስከ 10 ይተኩሳል፣ የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁ ዕለት ይህ ልዩነት ምን እንዳደረገ ታሪኩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህኛው ጠመንጃ እዚያ ስለመዋሉ ግን ከልጁ አፍ ሌላ ማስረጃ የለም። እንዲያውም መምቻውን የያዘው ብሎን ራሱ ላይ ባለመስቀል ነው! ባለመስቀል ብሎን የመጣው በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ነው። በኋላ የተጠገነ ሊሆን ይችላል፣ እሺ፤ ዋጋ ስትከራከሩ ግን ጣታችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

የተናደድኩት በሌላ ነው። ልጁ መምቻውን እየሳበ ቀጭ ቀጭ ያደርግልኛል፣ አፈሙዙ ደግሞ ሌማት ወደምትመርጥ አንዲት ሴት ዞሯል። ተቀበልኩትና ዘንጉን አውጥቼ ወደ በርሜሉ ውስጥ ቀስ ብዬ ለቀቅኩት፣ አፈሙዙ ጋ ያለውን ቦታ በጣቴ ያዝኩ፣ ከዚያ አውጥቼ ከውጭ በኩል በበርሜሉ ጎን አስተኛሁት። ባዶ ከሆነ የዘንጉ ጫፍ የእሳት ቀዳዳው (ከበርሜሉ ኋላ ባሩዱ የሚቀጣጠልበት) አካባቢ መድረስ አለበት። አራት ጣት ያህል ቀረው። ዝገት ወይም ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ማን እንዳጎረሰው የማይታወቅ ባሩድና አረርም ሊሆን ይችላል። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው መቶ ዓመት ቢቀመጥም ይፈነዳል፣ በዓለም ላይ ስንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ እንደጎረሰ ተገኝቷል።

ልጁ ሳቀ። ባለቤቱ ሽማግሌ ግን አልሳቁም፤ ተነስተው ተቀበሉኝና «እኔ ከገዛሁት ጀምሮ እዚያው ነው የተሰቀለው እኮ» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎም እንዳይነካኩት፣ የሚያውቅ ሰው ያውጣው» አልኳቸው። ጓዳ አስገቡት። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ብዬ ነው ሱቁን ያልጠላሁት። እናንተ ግን የትኛውም ሱቅ ብትሄዱ መጀመሪያ ዘንግ ጠይቁ፣ ዘንግ ከሌለ ቀጭን እንጨትም ይበቃል። ጎርሶ ካገኛችሁት ደግሞ ቤት ወስዳችሁ በመሰርሰሪያ ወይም በእሳት እንዳትሞክሩት።

የገዛሁት የባሩድ ቀንዱን ነው። የበሬ ቀንድ ነው፣ ታቹ በእንጨት የተደፈነ፣ የቆዳ ማንገቻ ያለው፣ አፉ ጠበብ ያለ። መጀመሪያ የጠሩት ዋጋ አስቂኝ ነበር፣ ተከራክሬ በግማሽ ወሰድኩት። በዚህ ዋጋ አልቆጨኝም፣ ሥራው ያምራል።

ሳሎን ሊሰቀል እንጂ ባሩድ ሊሞላበት አይደለም ታዲያ። እንዲህ ባለ ጠመንጃ ዒላማ በሚተኩሱ የውጭ ክለቦች እንኳ ከቀንድ ቀጥታ ወደ በርሜል ባሩድ ማፍሰስ ክልክል ነው፣ ካለፈው ተኩስ የቀረች ፍም ካለች እሳቱ ተመልሶ እጃችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ያነደዋላ። የእያንዳንዱ ተኩስ ባሩድ ቀድሞ ተለክቶ በየትንሽ ቱቦው ይመጣል። በዓለም አቀፉ ውድድር ለ13 ተኩስ 30 ደቂቃ ይሰጣል፣ ከዚያ ምርጥ 10ሩ ይቆጠራል። ሲሰሙት ጊዜው የተትረፈረፈ ይመስላል፤ ግን ባሩዱን አፍስሰህ፣ አረሩን በቅባት በራሰ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ በዘንግ እኩል ኃይል ጠቅጥቀህ፣ ተንፍሰህ ዒላማህን ለማየት ጭስ የሚበተንበትን ጊዜም ስትጨምርበት ይሄዳል። ሲያበቃ ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ግድ ነው፣ የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፣ ካሳደሩት ብረቱን ይበላዋል። ይህ ሁሉ ልፋት ነው የሚወደድለት።

ስለዚህ «የቸርችሉን ገዝቼ ዒላማ እተኩስበታለሁ» የሚል ካለ ይተወው። በርሜሉ ውስጥ ለውስጥ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ክለቦቹም ብዙውን ጊዜ የሚተኩሱት እንደ ፔደርሶሊ ያሉ ፋብሪካዎች አዲስ በሚሠሩት ቅጂ ነው። አዎ፣ ጣሊያን ናቸው፣ አድዋ ላይ የምናውቃቸው። እኛ ጋ ደግሞ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ «አንቲክ ነው፣ ችግር የለውም» የሚለውን የሻጭ ቃል አትመኑ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ፖሊስ ጠይቁ።

በእግራችሁ ከሆናችሁ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ብቅ በሉ፣ የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ የሴባስቶፖል ቅጂ እዚያ ቆሟል። እሱም በአፉ ነው የሚጎርሰው፣ ዋናው ጋፋት ተሠርቶ መቅደላ የቀረው 7 ቶን ገደማ ይሆናል። ዲያስፖራ ለሆናችሁ፦ አሮጌ ዕቃ ከአገር ለማውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀንድም ቢሆን ደረሰኝ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ፣ ኤርፖርት ላይ «የስጦታ ዕቃ ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም።