ከውዝዋዜ ወደ ትወና፦ በድሬዳዋ የተከታተልኩት የሦስት ወር ሥልጠና

በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ለሰባት ዓመታት በተወዛዋዥነት ከሠራሁ በኋላ ወደ ትወና ለመሻገር ወሰንኩና፣ እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የሦስት ወር ሥልጠና ተከታተልኩ። የመረጥኩት አሠልጣኟ ራሳቸው በውዝዋዜ ጀምረው ለመድረክና ለቴሌቪዥን ድራማ የበቁ በመሆናቸው ነው፤ በምርጫዬም አልተቆጨሁም።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቃን፣ ውዝዋዜንና ተውኔትን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዘው የኖሩ ቤቶች ናቸው። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ከነበረበት ልማድ ወጥተው መድረኩን ከያዙት ቀደምት ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁም ክራር ትደረድር፣ ታዜም፣ ትወዛወዝ፣ ትተውንም ነበር። አሠልጣኛችን ይህን በመጀመሪያው ዕለት ያነሡት፣ ሰውነታችን የለመደውን እንዳንጥል፣ ነገር ግን መቼ ዝም ማለት እንዳለበት እንድናስተምረው ለማሳሰብ ነበር።

የዚህ ትርጉም የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። ቡና የሞላ ሲኒ ይዤ፣ ወንድሟ ከሄደበት እንደማይመለስ የሚነገራትን እህት ሆኜ እንድጫወት ታዘዝኩ፤ ካሜራው ከፊቴ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። መርዶውን ስሰማ ከፊቴ ቀድሞ ትከሻዬ ተነሣ፣ ቡናውም በእጄ ላይ ፈሰሰ። አሠልጣኛችን ሁለት ጣታቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይኼ ለመጨረሻው ወንበር ነው፤ ካሜራው ግን አጠገብሽ ተቀምጧል» አሉኝ። ለአምስተኛ ጊዜ ስንደግመው ሲኒው ሳይነቃነቅ ዓይኔ ብቻ ቀረ፤ ቀረጻውን መልሰን ስናየው የትኛው ሐዘን እንደሚታመን ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

በአንጻሩ ውዝዋዜ የሰጠንን ጥቅም አላናናቁም። የሐረርጌ ኦሮሞን ባህላዊ ጭፈራ ሸጎዬን ስንጫወት ፊት ለፊታችን የቆመውን ሰው እያየን እንደምንመልስለት ሁሉ፣ ቃለ ተውኔትም የራስን ተራ መጠበቅ ሳይሆን የባልደረባን ትንፋሽ መከተል እንደሆነ በዚያው ምሳሌ አሳዩን። የእኔ ዋና ድክመት ድምፅ ነበር፤ ዕድሜዬን በተቀረጸ ዘፈን ላይ ስወዛወዝ በመኖሬ፣ ሳልጮህ እስከ አዳራሹ ጀርባ የሚደርስ ድምፅ ለማውጣት ሦስቱም ወራት አልበቁኝም።

ቅሬታዬ በአሠልጣኟ ላይ ሳይሆን በአስተዳደሩ ላይ ነው። ክፍያውን በሙሉ በቅድሚያ ተቀብለው፣ ቃል ከገቡልን አራት የካሜራ ክፍለ ጊዜያት የሰጡን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም አላስረዱንም። ወለሉ ሲሚንቶ በመሆኑ የመውደቅ ልምምድ ጉልበት ይጎዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለድምፅ ቀረጻ ሲባል ማራገቢያው ሲጠፋ በድሬ ሙቀት ሐሳብን መሰብሰብ ያዳግታል።

ያም ሆኖ ለውዝዋዜ ባልደረቦቼ ሥልጠናውን ከልብ እመክራለሁ። የምትመዘገቡ ካላችሁ የጠዋቱን ክፍል ምረጡ፣ የካሜራው ክፍለ ጊዜ ብዛት በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፣ ለጉልበታችሁም ወፍራም ምንጣፍ ይዛችሁ ሂዱ።